የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር፦ ስለ ስቴጅና ስለ ህክምናው ውጤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካንሰር ነው ተብሎ ሰው ቤቱ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንተኛ ስቴጅ ነው?" የሚል ነው (ስቴጅ ማለት ካንሰሩ የት ድረስ እንደደረሰ የሚያሳይ ደረጃ ነው)፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ጓደኛ ይጠይቃል፣ ታማሚዋም ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስታስብ ታድራለች። ጥያቄው ልክ ነው ግን በዚ ካንሰር ላይ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ ነገር ይደብቃል፣ ስቴጅ 1 ሆና ጠንካራ ህክምና የሚያስፈልጋት አለች፣ ስቴጅ 3 ተብላ ደግሞ ታክማ ለብዙ ዓመት በጤና የምትኖር አለች። ስለዚ ከታች ያለውን ስታነቡ ከቁጥሩ ጀርባ ያሉትን ነገሮች አብራችሁ ያዙ፦ የሴሉ አይነት፣ ግሬዱ (ሴሎቹ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቁ)፣ ደም ስር ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም፣ የካንሰሩን ዘረመል የሚያየው የሞለኪውል ምርመራ ምን አለ።

የማህፀን ካንሰር ሲባል ሁሉም አንድ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ይሄ መምታታት ደግሞ ብዙ ሰው ይጎዳል። እዚ የምናወራው ማህፀንን ከውስጥ በኩል ስለሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው፣ በየወሩ ወፍሮ ወር አበባ ሆኖ የሚወርደው ማለት ነው፣ እሱ ላይ የሚነሳው ካንሰር ኢንዶሜትሪያል ካንሰር ይባላል። የማህፀን በር ካንሰር ሌላ ነው፣ የሱ ዋና መነሻ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ነው፣ ክትባትም ቅድመ ምርመራም አለው። የማህፀን ጡንቻ ላይ የሚነሳው ሳርኮማ ደግሞ ሌላ ነው፣ ስቴጁም ህክምናውም ይለያል።

ኢንዶሜትሪያል ካንሰር በቫይረስ አይመጣም። አብዛኛው ከኢስትሮጅን ሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው፣ ኢስትሮጅኑን የሚገታው ፕሮጄስትሮን በበቂ ሳይኖር ሽፋኑ ለዓመታት ሲነቃቃ ከቆየ ሴሎቹ መስመር ሊስቱ ይችላሉ። ለዛ ነው ከመጠን ያለፈ ውፍረት (የስብ ህዋስ ራሱ ኢስትሮጅን ስለሚያመርት)፣ ፒሲኦኤስ (እንቁላል በየወሩ በትክክል እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት)፣ ወልዶ አለማወቅ፣ ዘግይቶ ማረጥና ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፈን ተጋላጭነትን የሚጨምሩት፣ ስኳር በሽታም አብሮ ይጠቀሳል። ሁለቱን ሆርሞን የያዘው የወሊድ መከላከያ እንክብል ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሳል፣ ካቆሙት በኋላም ለብዙ ዓመት። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 420 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች ላይ አዲስ የማህፀን አካል ካንሰር ተገኝቷል፣ አብዛኛው ይሄኛው አይነት ነው።

ፓፕ ስሚር ንጹህ ነው ተብዬ ነበር፣ ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?

ፓፕ ስሚር የሚመረምረው የማህፀን በርን ነው። የውስጠኛውን ሽፋን አልፎ አልፎ በአጋጣሚ ሊያሳይ ይችላል እንጂ ለዛ የተሰራ አይደለም፣ ፓፕ ስሚሩ ደህና ነው ማለት ማህፀኑ ውስጥ ምንም የለም ማለት አይደለም። ጤናማ ሴቶችን በሙሉ እየለየ ይሄን ካንሰር ቀድሞ የሚያገኝ ቅድመ ምርመራም የለም፣ ቀድሞ የሚናገረው ደሙ ነው።

ደም ካየሁ ካንሰር ነው ማለት ነው?

ካረጣችሁ በኋላ፣ ማለትም ወር አበባ ከቆመ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ደም ካያችሁ መመርመር አለባችሁ። ትንሽ ጠብታም ቢሆን፣ ቡናማ ፈሳሽም ቢሆን፣ አንድ ቀን ብቻ ታይቶ ቢቆምም። ግን ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ካረጡ በኋላ ደም ከሚያዩ 100 ሴቶች ውስጥ ካንሰር የሚገኝባቸው ወደ 9 ገደማ ናቸው፣ ቀሪው የሽፋን መሳሳት፣ ፖሊፕ (ሽፋኑ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ምናምን ነው። በሌላ በኩል ካየነው ግን ካረጡ በኋላ ይሄ ካንሰር ከተገኘባቸው 100 ሴቶች 90 የሚሆኑት ደም አይተው ነበር። ይሄ ትልቅ እድል ነው፣ ብዙ ካንሰር ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፣ ይሄኛው ግን በአብዛኛው ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ይጮሃል። ዝም ብለው "እድሜ ነው" እያሉ ስድስት ወር ዓመት የሚያሳልፉ እናቶች መኖራቸው ነው የሚያሳዝነው።

ያላረጣችሁ ከሆነ ደግሞ የወር አበባ መብዛት፣ በሁለት ወር አበባ መሃል መድማት፣ መዛባቱ በሆርሞን መድሃኒት አልስተካከል ማለቱ፣ በተለይ እድሜ ከ45 በላይ ከሆነ ወይም ውፍረትና ፒሲኦኤስ ካለ፣ ናሙና መወሰድ አለበት።

መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚሰራው በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ ነው። ባረጠች ሴት ሽፋኑ 4 ሚሊሜትርና ከዛ በታች ከሆነ ካንሰር የመሆን እድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው፣ ግን ደሙ ከተመላለሰ አልትራሳውንዱ ደህና ነው ተብሎ መቀመጥ የለም፣ ባዮፕሲ ይደረጋል፣ ማለትም ከሽፋኑ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። አንዳንዶቹ አደገኛ አይነቶች ሽፋኑን ሳያወፍሩም ይመጣሉ።

ባዮፕሲው ካንሰር ነው ብሏል፣ ለምን ስቴጁን አልነገሩኝም?

ስላላወቁት ነው እንጂ ስለደበቋችሁ ላይሆን ይችላል። ባዮፕሲ የሚነግረን የሴሉን አይነትና ግሬዱን ነው፣ ምን ያህል እንደተሰራጨ አይነግርም። የዚ ካንሰር ስቴጅ ከ1988 ጀምሮ በኦፕራሲዮን ነው የሚወሰነው፣ ማህፀኑ ወጥቶ ፓቶሎጂስቱ (ናሙና የሚመረምረው ሐኪም) ቆራርጦ በማይክሮስኮፕ አይቶ ጡንቻው ውስጥ ስንት እንደገባ ይለካል፣ ንፍፊት ከተወሰደም እሱ ይታያል። ከኦፕራሲዮን በፊት የሚነሳው ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ግምት ይሰጣል፣ ለማቀድም ይጠቅማል፣ ግን ግምት ነው። ስለዚ ከኦፕራሲዮን በፊት "ስቴጅ 1 ይመስላል" ተብላችሁ ከኦፕራሲዮን በኋላ ቢቀየር በሁለት ሳምንት ውስጥ ካንሰሩ ተስፋፋ ማለት አይደለም፣ መጀመሪያም እዛው ነበር፣ አሁን ነው የታየው።

እሺ ስቴጆቹ ምን ምን ናቸው?

ደረጃውን የሚያወጣው ፊጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ነው። መሰረቱ ቀላል ነው። ስቴጅ 1 ካንሰሩ ማህፀን አካል ውስጥ ብቻ ነው። ስቴጅ 2 ወደ ማህፀን በር ስጋ ወርዷል። ስቴጅ 3 ከማህፀን ወጥቷል ግን በአካባቢው ነው፣ ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻው) ወይም ቱቦ ላይ፣ የማህፀን የውጭ ልባስ ላይ፣ ብልት ላይ፣ ወይም ዳሌ ውስጥና በትልቁ የደም ቧንቧ ዙሪያ ያሉ ንፍፊቶች ውስጥ ገብቷል፣ ንፍፊት ከሆነ 3ሲ ይባላል። ስቴጅ 4 የፊኛን ወይም የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ በስቶ ገብቷል ወይም ሩቅ ሄዷል፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት፣ የሆድ ዕቃ ላይ።

ስቴጅ 1 ራሱ በጡንቻው ጥልቀት ይከፈላል፣ ከማህፀን ግድግዳ ጡንቻ ግማሽ ሳይደርስ ከቀረ 1ኤ፣ ግማሽና ከዛ በላይ ከገባ 1ቢ። አብዛኛው ሴት የሚገኘው ስቴጅ 1 ላይ ነው።

አንዱ ሐኪም 1ኤ አለኝ ሌላው 2ሲ አለኝ፣ ማንን ልመን?

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ! በ2009 የወጣው የፊጎ ስቴጅ የሚያየው ካንሰሩ የት ደረሰ የሚለውን ብቻ ነበር። በ2023 ፊጎ አዲስ አወጣ፣ አዲሱ ከቦታው በተጨማሪ የካንሰሩን ባህሪ ስቴጁ ውስጥ አስገባው። ለምሳሌ ሴረስ የሚባለው አደገኛ አይነት ጡንቻው ውስጥ ትንሽ ብቻ ቢገባ በድሮው 1ኤ ነበር፣ በአዲሱ 2ሲ ነው፣ ካንሰሩ አንድ ሚሊሜትር አልተንቀሳቀሰም፣ የተቀየረው ሚዛኑ ነው። እንደዚሁ ካንሰሩ በማህፀን ግድግዳ ባሉ ጥቃቅን የሊምፍና የደም ስሮች ውስጥ በብዛት ከታየ (ኤልቪኤስአይ ይሉታል) በአዲሱ 2ቢ ይሆናል፣ በድሮው ግን ስቴጁን አይቀይረውም ነበር።

አዲሱን ወዲያው የተቀበሉ ሐኪሞች አሉ፣ የድሮውን ይዘው የቀጠሉም አሉ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያሉት ትልልቅ ጥናቶች የተሰሩት በድሮው ነው፣ አዲሱ ደግሞ የተወሳሰበና ሁሉም ቦታ የማይገኝ ምርመራ የሚጠይቅ ነው። በኔ እይታ አዲሱ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ከእውነተኛው አደጋ ጋር ያቀራርበዋል፣ ግን ለታማሚ ግራ እንደሚያጋባ አልክድም። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፣ ስቴጅ ሲነገራችሁ "በየትኛው ነው፣ በ2009 ነው በ2023?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ኢንተርኔት ላይ የምታነቡትን ቁጥርም በዛው አይን እዩት።

ግሬድና ስቴጅ ይለያያሉ?

በጣም። ስቴጅ የት ደረሰ ነው፣ ግሬድ ሴሎቹ ከጤነኛው ምን ያህል ራቁ ነው። ኢንዶሜትሪዮይድ የሚባለው የተለመደው አይነት ላይ ግሬድ 1ና 2 ዝግ ብለው የሚያድጉ ናቸው፣ ግሬድ 3 ፈጣን ነው። ሴረስ፣ ክሊር ሴልና ካርሲኖሳርኮማ የሚባሉት ግሬድ ሳይሰጣቸውም አደገኛ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፣ ቁጥራቸው ጥቂት ነው ግን ማህፀን ውስጥ ትንሽ ሆነው ሳሉ ራቅ ብለው ሊገኙ ይችላሉ።

የሞለኪውል ምርመራ የሚባለው የግድ ነው? ትርፍ ወጪ አይደለም?

ትርፍ አይደለም፣ እንደውም ባለፉት አስር ዓመታት በዚ ካንሰር ላይ ከመጡ ለውጦች አንዱን ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። በ2013 የካንሰር ጂኖም ጥናት ይሄ ካንሰር በማይክሮስኮፕ አንድ ቢመስልም በዘረመሉ አራት የተለያየ በሽታ መሆኑን አሳየ።

የመጀመሪያው ፖል ኢ የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ያለበት ነው። ጥቂት ሴቶች ላይ ነው የሚገኘው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግሬድ 3 ሆኖ ያስፈራል፣ ውጤቱ ግን ከሁሉም የተሻለ ነው፣ የሰውነት መከላከያ በደንብ ስለሚያውቀው ይመስላል። ስቴጅ 1 ወይም 2 ላይ ከተገኘ ከኦፕራሲዮን በኋላ ኪሞም ጨረርም ሳይሰጥ መከታተል ይቻላል። አስቡት፣ ይሄ ምርመራ ባይሰራ ያቺ ሴት በግሬዷ ብቻ ተፈርታ ሙሉ ኪሞ ትወስድ ነበር።

ሁለተኛው የዘረመል ስህተት የሚያርመው ስርዓት የተበላሸበት ነው፣ ኤምኤምአር ጉድለት ይሉታል፣ ከአራት ሴት ወደ አንዷ ገደማ ላይ ይገኛል። ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው፣ የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳው መድሃኒት በጣም የሚሰራለት እሱ ነው፣ ከቤተሰብ የሚወረስ ነገር መኖሩንም የሚጠቁመው እሱ ነው፣ ከታች እመለስበታለሁ። ሶስተኛው የተለየ ምልክት የሌለው ነው፣ ብዙው ሰው እዚ ይገባል፣ ውጤቱም መሃከለኛ ነው፣ በግሬድና በስቴጅ ይወሰናል። አራተኛው ፒ53 የተበላሸበት ነው፣ ከ100 ወደ 15 ገደማ ቢሆንም በዚ ካንሰር ከሚሞቱት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው፣ ስቴጁ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሐኪሞች ጠንከር ያለ ህክምና የሚያስቡለት ለዛ ነው።

ፒ53ና ኤምኤምአር በተለመደው የፓቶሎጂ ቀለም ይሰራሉ፣ ብዙ ላብራቶሪ ይችላቸዋል። ፖል ኢ ግን የዘረመል ንባብ ስለሚፈልግ ሁሉም ጋ አይገኝም። ሶስቱንም ማግኘት ካልቻላችሁ ቢያንስ ሁለቱ እንዲሰሩ ጠይቁ፣ ከመጀመሪያው ባዮፕሲ ላይም መስራት ይቻላል።

ኦፕራሲዮኑ ምን ምን ያወጣል? ሆድ መከፈት አለበት?

ማህፀን ከነማህፀን በሩ፣ ሁለቱ ቱቦዎችና ሁለቱ ኦቫሪዎች ይወጣሉ፣ መደበኛው ይሄ ነው። ገና ያላረጠች፣ ግሬዱ ዝቅተኛ የሆነና ካንሰሩ ማህፀን ውስጥ ብቻ ያለ ሴት ላይ ኦቫሪውን መተው የሚቻልበት ሁኔታ አለ፣ ድንገት ማረጥ ቀላል ነገር ስላልሆነ ጥያቄውን ማንሳት ተገቢ ነው።

በትንንሽ ቀዳዳ የሚሰራው ላፓራስኮፒ ከሆድ መክፈት ጋር በትልልቅ ጥናቶች ተወዳድሯል፣ በአንደኛው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የአምስት ዓመት የመኖር እድል በሁለቱም 90 በመቶ ገደማ ሆኖ እኩል ወጣ፣ ላፓራስኮፒ የተሰራላቸው ግን ቶሎ ያገግማሉ፣ ችግርም ያንሳል። ማህፀኑ ግን ውስጥ ሳይቆራረጥ ሙሉውን መውጣት አለበት። (ለማህፀን በር ካንሰር ነገሩ የተለየ ነው፣ በ2018 የወጣ ጥናት እዛ ላይ በትንንሽ ቀዳዳ መስራቱ ውጤት እንደሚያባብስ አሳይቷል፣ ስለዚ የአንዱን ለሌላው አትውሰዱ።)

ንፍፊቶች ሁሉ መውጣት አለባቸው?

ድሮ በብዛት ይወጡ ነበር። ከዛ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች መጀመሪያ ደረጃ ላይ ላሉ ሴቶች ሁሉንም ጠርጎ ማውጣት እድሜ እንደማይጨምር አሳዩ፣ ጉዳቱ ግን አለ፣ እግር ያብጣል፣ ሊምፌዲማ ነው፣ አንዴ ከመጣ አብሮ ይኖራል። አሁን የተሻለው መንገድ ሴንቲኔል የሚባለው ነው፣ ማህፀን በር ላይ አረንጓዴ ቀለም ይወጋና መጀመሪያ ቀለሙ የደረሰባቸው ንፍፊቶች ብቻ ይወጣሉ። በ2017 የወጣ ጥናት ይሄ ዘዴ ካንሰር ያለባቸውን 97 በመቶ ገደማ እንደሚያገኝ አሳይቷል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ጨረር ለምን? ሁሉም ወጥቷል ብለውኝ ነበር

ያልታየ ሴል ቀርቶ እንዳይመለስ ነው። ስቴጅ 1 ላይ ከተመለሰ በብዛት የሚመለሰው ብልት አናት ላይ ነው። ፖርቴክ የሚባሉት የሆላንድ ጥናቶች እዚ ላይ ብዙ ነገር ቀይረዋል። የመጀመሪያው፣ በ2000 የወጣው፣ መሃከለኛ አደጋ ላይ ያሉ ሴቶች ዳሌያቸው ላይ ጨረር ሲወስዱ በአካባቢው የመመለስ እድል ከ14 በመቶ ወደ 4 እንደወረደ አሳየ፣ በሕይወት የመቆየት እድል ግን አልተለየም፣ ምክንያቱም ያልወሰዱት ላይ ሲመለስ ብዙዎቹ ያኔ ጨረር ወስደው ይድናሉ። ሁለተኛው በ2010 ከውጭ የሚሰጠውን ጨረር ከውስጥ ከሚሰጠው ብራኪቴራፒ ጋር አወዳደረ፣ ብልት ላይ የመመለሱ ነገር በሁለቱም ከ2 በመቶ በታች ሆነ፣ ብራኪቴራፒ የወሰዱት ግን ተቅማጥና የአንጀት ችግር በጣም ቀነሰላቸው። ስለዚ ሙሉ የዳሌ ጨረር ከታዘዘላችሁ "ብራኪቴራፒ ብቻ አይበቃኝም?" ማለት ነውር አይደለም፣ የማይበቃበት ምክንያት ካለ ያስረዷችኋል።

ግሬድ 1 ሆኖ ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከኦፕራሲዮን በኋላ ምንም አያስፈልግም። አንዳንድ ሴቶች "ለምን አላከሙኝም፣ ረሱኝ እንዴ" ብለው ይጨነቃሉ። አልረሷችሁም፣ ህክምናው ኦፕራሲዮኑ ነበር፣ ተጨማሪው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ኪሞስ?

ስቴጅ 3፣ ስቴጅ 4ና አደገኛ አይነቶች ላይ ይታሰባል። የተለመደው ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል በየሶስት ሳምንቱ ነው። ፖርቴክ 3 ጥናት ከፍተኛ አደጋ ያላቸው ሴቶች ላይ ጨረር ብቻን ከጨረርና ኪሞ ጋር አወዳደረ፣ በአምስት ዓመት በሕይወት የነበሩት 76 በመቶ እና 81 በመቶ ሆኑ። አምስት ነጥብ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን በኋላ የነዚሁ ሴቶች ናሙና በሞለኪውል ተከፋፍሎ ሲታይ ጥቅሙ እኩል እንዳልተከፋፈለ ታየ፣ ፒ53 የተበላሸባቸው ላይ ካንሰሩ ሳይመለስ አምስት ዓመት የደረሱት በጨረር ብቻ 36 በመቶ፣ ኪሞ ሲጨመር 59 በመቶ ነበሩ፣ ፖል ኢ ያላቸው ግን ከኪሞ ጋርም ያለ ኪሞም ሁሉም ማለት ይቻላል ደህና ነበሩ። አንድ ጥናት፣ አንድ ህክምና፣ ፍጹም የተለያየ ውጤት። ምርመራው ይሰራ ብዬ የምወተውተው ለዚ ነው።

ፓክሊታክሰል ጣትና እግር ላይ መደንዘዝ ያመጣል፣ ቁልፍ መቆለፍ ካቃታችሁ ወይም ስትራመዱ መሬቱ ካልተሰማችሁ ቶሎ ተናገሩ፣ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል፣ ችሎ መቀመጥ ቋሚ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ስቴጅ 4 ነው ወይም ተመልሷል ከተባለ ምንም የለም ማለት ነው?

አለ። ይሄ ዘርፍ በ2023 ነው ትልቅ ለውጥ ያየው። ዶስታርሊማብና ፔምብሮሊዙማብ የሚባሉ ኢሚውኖቴራፒዎች ከኪሞ ጋር ተጨምረው በሁለት ጥናቶች ታዩ፣ ኤምኤምአር ጉድለት ያለባቸው ሴቶች ላይ ልዩነቱ አስደናቂ ነበር፣ በዶስታርሊማቡ ጥናት ሁለት ዓመት ላይ በሽታው ሳይባባስ የቆዩት ኪሞ ብቻ ከወሰዱት ወደ 16 በመቶ፣ መድሃኒቱ ከተጨመረላቸው ደግሞ 61 በመቶ ነበሩ። ኤምኤምአር ደህና የሆኑት ላይም ጥቅም አለ ግን ያነሰ ነው። ኪሞ ወስደው ለተመለሰባቸው ሌንቫቲኒብ ከፔምብሮሊዙማብ ጋር አለ። ሴረስ ሆኖ ኸር2 የሚባል ፕሮቲን በብዛት ከተገኘ ትራስቱዙማብ ይጨመራል። ግሬዱ ዝቅተኛ ሆኖ ሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር ደግሞ በሆርሞን እንክብል ብቻ ለረጅም ጊዜ ሊያዝ ይችላል፣ ይሄ በተለይ ኪሞ ለማይችሉ አዛውንቶች ጥሩ አማራጭ ነው፣ ርካሽም ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል። ብልት ላይ ብቻ ተመልሶ ከዚ በፊት ጨረር ካልወሰዱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የመዳን እድል አለ።

አዳዲሶቹ መድሃኒቶች በጣም ውድ ናቸው፣ ሁሉም ሰው ጋ አይደርሱም፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም።

በቁጥር ንገሩኝ፣ የመኖር እድሌ ስንት ነው?

በአሜሪካ መዝገብ ካንሰሩ ማህፀን ውስጥ ብቻ ላለ የአምስት ዓመት እድል 95 በመቶ ገደማ፣ በአካባቢው ለወጣ 70 ገደማ፣ ሩቅ ለሄደ 20 ገደማ ነው። ግን እባካችሁ ስታነቡት ሁለት ሶስት ነገር ልብ በሉ። ይሄ አከፋፈል የፊጎ ስቴጅ አይደለም፣ ማህፀን ውስጥ፣ አካባቢ፣ ሩቅ ብሎ ነው የሚከፍለው። አምስት ዓመት ማለት ደግሞ ከዛ በኋላ ይሞታሉ ማለት አይደለም፣ መለኪያው እዛ ላይ ስለሚነበብ ነው፣ እንደውም አምስት ዓመት ያለፈ ሰው ላይ ይሄ ካንሰር መመለሱ ብዙም አይታይም። ቁጥሩ ደግሞ ከዓመታት በፊት የታከሙ ሴቶች ውጤት ነው፣ የ2023ቱ መድሃኒቶች ገና በደንብ አልገቡበትም። ውስጡም ግሬድ 1ና ሴረስ፣ ፖል ኢና ፒ53 አንድ ላይ ተደባልቀው ነው ያሉት። የራሳችሁን እድል የሚገምትላችሁ ሙሉ ሪፖርታችሁን የያዘ የካንሰር ሐኪም ብቻ ነው።

ገና አልወለድኩም፣ ማህፀኔን ማስቀረት ይቻላል?

አንዳንዴ። ኢንዶሜትሪዮይድ፣ ግሬድ 1፣ በኤምአርአይ ጡንቻ ውስጥ ያልገባ ከሆነ በፕሮጄስትሮን መድሃኒት (በእንክብል ወይም ማህፀን ውስጥ በሚቀመጥ ሆርሞን ባለው ሉፕ) መሞከር ይቻላል። ከ10 ወደ 7 የሚሆኑት ላይ ካንሰሩ ይጠፋል፣ ግን ከነሱም ብዙዎቹ ላይ ይመለሳል፣ ስለዚ በየሶስት እስከ ስድስት ወሩ ናሙና ይወሰዳል፣ ከጠፋ ሳይዘገዩ ለማርገዝ መሞከር፣ ወልደው ሲጨርሱ ማህፀኑን ማውጣት ይመከራል። ክብደት መቀነስ እዚ ላይ በእውነት ይረዳል። ሴረስ ወይም ግሬድ 3 ከሆነ ግን ይሄ መንገድ ዝግ ነው፣ "እንሞክረው" የሚላችሁ ካለ ሌላ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ህክምናው ካለቀ በኋላስ?

ከተመለሰ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሶስት ዓመታት ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ ላይ በየሶስት እስከ ስድስት ወሩ ከዛ እያራራቁ መታየት ነው። ዋናው የአካል ምርመራና የናንተ ምልክት ነው፣ ምልክት ሳይኖር በየጊዜው ሲቲ ማንሳት ለብዙው ሰው ጥቅም የለውም። ከብልት ደም፣ የማይለቅ የዳሌ ወይም የጀርባ ህመም፣ የእግር ማበጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ሳል ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ሰው አይጠይቅም፣ ሐኪሙም አያነሳም፣ ሁለቱም ያፍራሉ። ጨረር ብልትን ያጠባል ያደርቃልም፣ ለዚ ዳይሌተር የሚባል ማስፊያና ማለስለሻ አለ፣ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሰራው። በቀጣዩ ምርመራ ላይ ሐኪሙ ያለ ህመም እንዲያያችሁም ይጠቅማል፣ ስለዚ ያላገባች ወይም ባሏ የሞተ ሴትም ትጠይቅ።

ሌላው ልቤ ላይ ያለው ነገር፣ መጀመሪያ ደረጃ ላይ ተይዘው የዳኑ ሴቶች በኋላ በብዛት የሚሞቱት በካንሰሩ ሳይሆን በልብና በደም ስር በሽታ ነው። ከካንሰሩ ጋር አብረው የነበሩት ውፍረት፣ ስኳርና ግፊት አሁንም እዛው አሉ። ካንሰሩን አሸንፋችሁ ግፊታችሁን ሳትለኩ አትቆዩ።

ለሴት ልጆቼ ይተላለፋል?

በአብዛኛው አይተላለፍም። ከ100 ወደ 3 የሚሆኑት ግን ሊንች ሲንድረም ከሚባል የሚወረስ ችግር ጋር የተያያዙ ናቸው፣ እሱ ደግሞ የትልቁ አንጀት ካንሰርንም ያመጣል፣ ለወንድ ልጆችም ጭምር። ኤምኤምአር ምርመራው ጉድለት ካሳየ ቀጥሎ የሚጠየቀው የተወረሰ ነው ወይስ በኋላ የመጣ የሚለው ነው፣ ብዙ ጊዜ በኋላ የመጣ ነው፣ ግን በደም ምርመራ መለየት አለበት። ሊንች ከሆነ ወንድም፣ እህትና ልጆች እያንዳንዳቸው ግማሽ ለግማሽ የመውረስ እድል አላቸው፣ የተገኘባቸው በየአንድ ሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ይሰራሉ፣ ሴቶቹ ወልደው ሲጨርሱ ማህፀናቸውን ስለማስወጣት ከሐኪም ጋር ይነጋገራሉ። በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር በወጣትነቱ የያዘው ሰው ካለ ይሄን ለሐኪማችሁ ሳትጠየቁ ንገሩ፣ የፓቶሎጂ ሪፖርቱን ኮፒም ለልጆቻችሁ አስቀምጡላቸው፣ ከዓመታት በኋላ የነሱ ሐኪም ይፈልገዋል።